የሐሙስ እንግሊዝኛ

ሩሲያዊት እንግሊዝኛ አስተምሪ ሲሉኝ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ነው ያልኩት። በዚያን ዘመን ለእኔ ሩሲያዊ ማለት ለደርግ ታንክ የሚያቀብል ማለት ነበር። ባሌን አምኃን ወስደው አስረውብኝ፣ እኔ ሮም የሰው ቤት ወለል እየወለወልኩ፣ ጭራሽ የእነሱን ሴትዮ ቁጭ አድርጌ ላስተምር? እንዴት ተደፈርኩ!

ነገሩን ያመጡት አባ ወልደ ተንሣኤ ናቸው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ ያለች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያገለግሉ፣ ሰው ሲቆጣ ዝም ብለው ፈገግ የሚሉ የአገራችን ካህን ናቸው። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁኝና «ልጄ ዙፋን፣ ሴትዮዋም እኮ ከእነሱው ሸሽታ ነው የመጣችው። እስቲ አንድ ሐሙስ ሞክሪያት፤ አልሆን ካለሽ ትተያታለሽ» አሉኝ።

ሐሙስ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ሮም የሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች የራሳችን የምንሆነው ሐሙስ ከምሳ በኋላና እሁድ ብቻ ነው። ሌላው ቀን የሲኞራ፣ የአሠሪያችን ነው። ብትታመሚ እንኳ ለሐሙስ ብታደርጊላቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ አምኃም እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ጠመኔ ናፍቆኛል። አፌ እምቢ ቢልም እግሬ በሐሙሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ መማሪያ ክፍል ሄደ።

ራይሳ አምሳውን ያለፈች፣ ደልደል ያለች፣ ሚንስክ በሚባል ከተማ የጥርስ ሐኪም የነበረች ሴት ናት። ሰላም ከማለቷ በፊት አፌን ነው ያየችው። አንድ ልጇ ቀድሟት ቺካጎ ገብቷል፤ እሷ የአሜሪካ ወረቀቷ እስኪያልቅ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ ያለው የእታገኘሁ ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች። እታገኘሁ ማለት የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ሮም ውስጥ ያለችኝ እህት እሷ ናት። ራይሳ በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች አንቱ ማለት ነበረብኝ። እንግሊዝኛ ግን አንቺም አንቱም አያውቅም፤ ሁሉንም በአንድ «ዩ» ጠቅልሎ ይጠራል። እኔም በዚያ አመካኝቼ አንቺ አልኳት። አስተማሪዋ እኔ ነኛ!

መጀመሪያ ቀን ከሰውነት ክፍል ጀመርን። መዳፌን ይዤ «ሃንድ» አልኳት። ክንዴን ይዤ «አርም» አልኳት። ግንባሯን ቋጥራ «ለምን?» አለች። በእነሱ ቋንቋ ከትከሻ እስከ ጥፍር ያለው በሙሉ «ሩካ» ነው። እኔም ሳስበው፣ እኛስ ብንሆን «እጁ ተሰበረ» ስንል የቱ ጋ ብሎ የሚጠይቅ ወጌሻ ብቻ አይደለም? ወደ እግር ወረድን፤ ያው ነው። እንግሊዙ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ስም ይቀይራል። የእጁን ጣት «ፊንገር»፣ የእግሩን «ቶ» ይላል፤ በእሷም በእኔም አገር ጣት ጣት ነው። እጇ ላይ ያሰረችው ሰዓትና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ለእሷ ሁለቱም «ቻሲ» ናቸው፤ እንግሊዙ «ዎች» እና «ክሎክ» ብሎ ያፋታቸዋል።

«እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም» አለችኝ።

«ሥራ ያጣነውስ እኛ ነን» አልኳት። የጥርስ ሐኪሟ ሳህን አጣቢና አስተማሪዋ ወለል ወልዋይ እየተያየን በሳቅ ሞትን። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ እስኪደርስ የምቸኩለው እኔ ሆንኩ።

ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው «ይሮጣል» እንደሚሉ የነገርኳት ቀን «ወዴት?» ብላ ድርቅ አለች። ጠያቂ ናት፤ ዝም ብላ የምትውጠው ቃል የለም። እኔም ደግሞ ጥብቅ ነኝ፤ ቁርጥራጭ ቃል አልቀበልም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የምፈልገው። ሙሉውን ሳትሳሳት ስትልልኝ፣ ድሮ ለልጆቹ እንደማደርገው ጠረጴዛውን በመዳፌ መታ አድርጌ «ቬሪ ጉድ!» እላታለሁ። ያን የምታክል ሴትዮ ጉንጯ ይቀላል።

ስለ አምኃም ነገርኳት። ለሰው የማልነግረውን ለእሷ መንገር ቀለለኝ፤ ምናልባት በሰው ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል። መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው፤ ለበዓሉ የተወሰነ እስረኛ ይፈታሉ። በዚያ ዓመት ከሚፈቱት መሀል የአምኃ ስም አለ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ ሰው አልሆንኩም። ሲኞራዬን ለምኜ ለምኜ፣ ሕንፃው በር ጠባቂ ስለሚፈልግ ለባሌ እንድታነጋግርልኝ ቃል አስገባኋት። አምኃ ፖርቲዬሬ! የዓለምን ወንዝ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አምኃ የሮምን ደረጃ ሲጠርግ እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ብቻ ይምጣልኝ እንጂ ደረጃውን እኔው እጠርግለታለሁ።

በዓሉ አለፈ። መስከረም አለቀ፣ ጥቅምት ገባ። ከአገር ቤት ስልክ የሚመጣው አቶ ተክሉ ዘንድ ነው፤ በዓለም አቀፉ የምግብ ድርጅት ትልቅ ሠራተኛ፣ የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው። እታገኘሁን «ጋሽ ተክሉ ምን አሉ?» ስላት «ገና ነው፣ አይዞሽ» ትለኛለች። አይዞሽ ማለት አበዛች። እኔ ግን ተስፋዬ ዓይኔን ጋርዶት ምኑንም አላየሁ።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ ራይሳ ጥቁር ሻሽ አስራ መጣች። «ምነው፣ የማን ሠርግ አለ?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። በጨርቅ የቋጠረችውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው፤ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ነው። ምሳ ስላልበላሁ ደስ አለኝ። የዕለቱ ትምህርት የማድ ቤት ዕቃ ነበርና ድስቱንና ማንኪያውን ወረቀት ላይ ስዬ ጠብቄያታለሁ። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ፊት ለፊቴ አልተቀመጠችም። ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ሆነች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ቃል በቃል ያጠና ተማሪ እንደሚያደርገው ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች።

«ባልሽ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። በጣም አዝኛለሁ። አብሬሽ ልቀመጥ መጥቻለሁ።»

አንድ ስህተት የለውም። ከተዋወቅን ጀምሮ እንደዚያ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጠረጴዛውን መታሁና «ቬሪ ጉድ!» አልኳት።

ጉንጯ አልቀላም። እያየችኝ ነው። እጄ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን አልሽ?» አልኩ፣ በአማርኛ።

ያልገባኝ መሰላት። እንዳስተማርኳት፣ ቀስ ብላ፣ ሙሉውን ደገመችልኝ።

ከመቀመጫዬ ስነሳ ወንበሩ ወደቀ። «ውሸታም! ማን ነገረሽ? አንቺ የሌኒን ልጅ፣ ማን ነገረሽ?» አልኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያንን የመሰለ ልብ ያላትን ሴት። ደንግጣ ቆመች። የምታውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋባት፤ ግማሹን በጣልያንኛ፣ ግማሹን በራሷ ቋንቋ ነው የነገረችኝ። ለካ ማክሰኞ ዕለት አቶ ተክሉ ምግብ ቤቱ መጥተው፣ እታገኘሁን ጓዳ አስገብተው ነግረዋታል። እታገኘሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ራይሳ ሳህኗን ጥላ «ምን ሆነሽ?» ትላታለች። እታገኘሁም «የዙፋን ባል ሞቷል፣ እስር ቤት ውስጥ፣ በበሽታ» ብላ በጣልያንኛ ነገረቻት። በቃ። ራይሳም ሰው እንደሚያደርገው አደረገች፤ መዝገበ ቃላት ገልጣ የምትለውን አጠናች፣ ሻሽ አሰረች፣ እንቁላል ቀቀለች፣ መጣች።

በምን ታውቃለች! እኛ ሞትን መንገድ ላይ አንናገርም፣ ብቻውን ለቆመ ሰው አንናገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ፣ ሽማግሌና ካህን ባሉበት፣ ማለዳ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ከሐዘንተኛው ጋር እየሳቀ ይበላል። ይህን ሁላችንም ስለምናውቀው ለራይሳ «እንዳትነግሪያት» ያላት ሰው የለም። ማን ይላል? ለትልቅ ሰው እሳት ያቃጥላል ተብሎ ይነገራል?

ለእሁድ እንዳቆዩልኝ ወዲያው ገባኝ። ቅዳሜ ማታ ሁልጊዜ እታገኘሁ ቤት ነው የማድረው፤ እሁድ ሙሉ ቀን የራሴ ነኝ። ሐሙስ ግን ግማሽ ቀን ነው። በግማሽ ቀን ባል ተለቅሶ፣ ማታ ሾርባ ተሸክሞ ሲኞራ ፊት አይቀረብም።

መሬት ላይ ልቀመጥ ስል ራይሳ ያዘችኝ። አባ ወልደ ተንሣኤ ከግድግዳው ወዲያ ለልጆች ትምህርት ያስተምራሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ብጮህ በሩን ከፍተው ይገባሉ። የራይሳን ሹራብ በጥርሴ ነክሼ፣ ድምፅ ሳላወጣ አለቀስኩ። ሴት ባሏን ስታጣ እሪ ማለት እንኳ ትከልከል? እሷ ጀርባዬን እየደባበሰች በሩሲያኛ የሆነ ነገር ትላለች፤ አንዱም አልገባኝም፣ ሁሉም ገባኝ።

ሲደክመኝ እንቁላሉን ልጣ ሰጠችኝ። በአያቶቿ ልማድ ሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱን ነው አለችኝ። አፈር አፈር እያለኝ በላሁት። ከዚያ ደግሞ ለካ የደበቁት ነገር መሆኑ ገብቷት ኖሮ፣ ፊቷ ተለዋውጦ ብድግ አለች። እታገኘሁ ዘንድ ሄዳ ጥፋቷን ልትናገር፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት።

«እሁድ እስኪደርስ እኔ አላውቅም። አንቺም አልነገርሽኝም» አልኳት።

«ለምን? ውሸት እኮ ነው።»

ምን ብዬ ላስረዳት? እታገኘሁ መርዶ አፈሰሰች ተብላ ዕድሜ ልኳን ትታማለች። ይሄ አንዱ ነው፤ ትልቁ ግን እሱ አይደለም። የእስረኛ ሬሳ አይሰጥም። አምኃ መቃብሩ አይታወቅም፣ ፍታት አልተደረገለትም፣ እናቱ እንኳ በሯን ዘግታ ነው የምታለቅሰው፤ ደርግ ለገደለው ጮኾ ማልቀስም ያሳስራል። በዚህ ዓለም ላይ ለአምኃ የቀረው ቀብር ያቺ እሁድ ብቻ ናት። ሰው ተሰብስቦ፣ ካህን ቆሞ፣ ስሙ ተጠርቶ የሚለቀስለት ያኔ ነው። አስቀድሜ ካወቅሁ መርዶ የለም፤ «ሰምታለች» ብለው አንድ በአንድ እየመጡ «ያጽናሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ። እሱን እንዴት እቀማዋለሁ? ይህንን ሁሉ በቀላል እንግሊዝኛ ነገርኳት። ይሉኝታ የሚለውንም ልተረጉምላት ፈልጌ ነበር፤ በእንግሊዝኛ አጣሁት።

ራይሳ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ አለችኝና ሻሿን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ማታ ሲኞራ «ዙፊ፣ ሾርባው ጨው የለውም» አለችኝ። ጨው ጨመርኩ። ዓርብ እታገኘሁ ስልክ ደወለች፤ «ነገ ትመጫለሽ አይደል? እንዳትቀሪ» አለችኝ፣ ቀርቼ የማውቅ ይመስል። ያቺ ሴት ውሸት አይሆንላትም፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ምን ገጥሞኝ እቀራለሁ?» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ የሲኞራን ሸሚዝ ስተኩስ አቃጠልኩት።

ቅዳሜ ወደ ማታ ቪያ ቮልቱርኖ ምግብ ቤቱ ስደርስ የማያውቀኝ ሰው እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። እታገኘሁ ያለ ወትሮዋ ሥጋውን ሁሉ ወደኔ እየገፋች «ብዪ እንጂ፣ ሲኞራሽ በረሃብ ልትጨርስሽ ነው» ትለኛለች፤ እየደጋገመች አጎረሰችኝ። ነገ የሚያዝል ለቅሶ አለና ዛሬ ትብላ ነው ነገሩ። ሁሉንም ዋጥኩላት። ዝም ብል እንዳይጠረጥሩ ብዬ እንደ ሁልጊዜዬ ጠየቅሁ።

«ከአገር ቤት ወሬ የለም?»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምንም የለም፣ እህቴ። መቼም እግዜር ያውቃል» አለችና ወደ ጓዳ ሮጠች። በጓዳው በር ራይሳ ትታየኛለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የታጠበ ሳህን ደግማ ደጋግማ ታጥባለች። አሳዘኑኝ። ማናችን ይበልጥ እንደምናሳዝን እኔም አላውቅም፤ ባል የሞተባት እኔ፣ የምትዋሸኝ እታገኘሁ፣ ወይስ ስለ ሁለታችን የምትዋሸው ራይሳ።

ማታ እታገኘሁ ቤት አልጋዬ ላይ ሆኜ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። ነገ ምን ብዬ ልጮህ ነው? አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሐሙስም፣ ዓርብ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥም አልቅሻለሁ። እንደ አዲስ ካልደነገጥኩ ያውቁብኛል። እታገኘሁን «አንቺ ነሽ ያፈሰስሽው» ይሏታል፤ የአምኃም ለቅሶ ሐሜት ይሆናል። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ «ወይኔ» ማለት ተለማመድኩ። ደረቅ ነው። ልጆች ተረት ሲያነቡ የሚሉት ዓይነት «ወይኔ»። ተስፋ ቆረጥኩ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ።

እታገኘሁ ቀድማ ለብሳለች። በሩን ከፈተችው። አቶ ተክሉ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ገቡ፤ ከኋላቸው አባ ወልደ ተንሣኤ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ደረጃው ሁሉ ሰው ነው፤ ቲቡርቲና ድረስ ያለው ሐበሻ በሙሉ መጥቷል። የሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ለአንድ ቀን የተሰጠቻቸውን ዕረፍት ይዘው በዚያ ብርድ መጥተዋል። ራይሳ ሻሿን አስራ በሩ ጥግ ቆማለች። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እጄን አየሁ። አሁን ነው፣ ተዘጋጂ፣ ሲናገሩ ጩኺ እላለሁ በልቤ።

«ዙፋንዬ፣ ልጄ» አሉ አቶ ተክሉ። ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ ተናገሩ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ተናገሩ። ድምፃቸው ተቋረጠና ወደ አባ ዞሩ። አባ ወልደ ተንሣኤ ቀረብ ብለው እጄን ያዙኝ። ያ ፈገግታቸው የለም።

«አምኃ አርፏል» አሉኝ።

አምኃ አርፏል።

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሐሙስ የሞተው የእንግሊዝኛው ባል ነው፤ «ሐዝባንድ» ተብሎ የሞተ፣ ስም የሌለው ሰው። አምኃ አልሞተም ነበር። እሱ ሌሊቱንም ዓርብንም እየተሳሳቀ አብሮኝ ነበር፣ የሲኞራን ደረጃ እየጠረገ። አሁን በአባ አፍ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን ከነሞቱ ሰማሁት። የጮህኩትን አላስታውስም። ራሴን እንደ ታረደ በግ መሬት ላይ ስጥለው እታገኘሁና ሴቶቹ ተረባርበው ያዙኝ። «ወይኔ አምኃዬ! ወይኔ ወንድሜ! ማን ዓይንህን ከደነው?» እያልኩ ፊቴን ነጨሁ። ወንዶቹ አብረው አነቡ፤ አንዷ ሙሾ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። የሕንፃው ጣልያኖች በየበራቸው ብቅ ብለው አዩን፤ አባ ወልደ ተንሣኤ ወጥተው አንድ ቃል ሲነግሯቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። አምኃ ተለቀሰለት። ደህና አድርጎ ተለቀሰለት።

ረፈድ ሲል ድምፄ ዘግቶ፣ ግድግዳው ተደግፌ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ራይሳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እታገኘሁ የነጨሁትን ፊቴን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች፣ ጎኗ ላለችው ሴት በሹክሹክታ ስትናገር ሰማኋት።

«ትናንት ስትጠይቀኝ ጠርጥራለች ብዬ ነፍሴ ወጥቶ ነበር። ለካ ምንም አታውቅም።»

ራይሳ «ምን አለች?» በሚል ዓይን አየችኝ። አልተረጎምኩላትም። እታገኘሁ እውነቷን ነበር፤ ምንም አላውቅም ነበር።